የመኪናው መመሪያ ጸሐፊ፦ የግሬስ ሆፐር ሕይወትና ሥራ

ጁላይ 2 ቀን 1944 ዓ.ም. አንዲት የሠላሳ ሰባት ዓመት የባሕር ኀይል መኮንን በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ ወደሚገኘው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ደረሱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተመደቡበት ክፍል የባሕር ኀይሉ የስሌት ክፍል ነው ከመባሉ በቀር ስለ ሥራው ይህ ነው የሚባል ዕውቀት አልነበራቸውም። የክፍሉ አለቃ ኮማንደር ሃዋርድ ኤይክን ከሰላምታ አስቀድመው እስከዚያን ቀን የት እንደቆዩ ጠየቋቸው። ቀጥለውም ርዝመቱ 51 ጫማ፣ ቁመቱ 8 ጫማ፣ ክብደቱ አምስት ቶን የሚጠጋ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚንኳኳ መኪና አሳዩዋቸው። የትእዛዞቹን ዝርዝር ሰጥተውም ለአንድ የትሪጎኖሜትሪ ስሌት የሚያስፈልጉትን ቁጥሮች በሳምንት ጊዜ ውስጥ አስልተው እንዲያቀርቡ አዘዟቸው።

እኒህ መኮንን ግሬስ ሆፐር ነበሩ። መኪናው ደግሞ በኋላ ማርክ አንድ በሚል ስም የታወቀው፣ በአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲሶች የተሠራው አውቶማቲክ የስሌት መኪና ነው። በዚያ ሳምንት ሆፐርን ያስቸገራቸው ሒሳቡ አልነበረም፤ እርሳቸው በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ ያላቸው መምህር ናቸው። ያስቸገራቸው መኪናውን ለሥራ ማዘጋጀት ነው። ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ ገና አልተጻፈም ነበር። ዕውቀቱ ያለው በአብዛኛው በሁለት ወጣት መኮንኖች፣ በሪቻርድ ብሎክና በሮበርት ካምቤል ጭንቅላትና ደብተር ውስጥ ነው። ሆፐርም እነርሱን እየጠየቁና የኤሌክትሪክ ንድፉን እየመረመሩ የመጀመሪያውን ሥራቸውን አከናወኑ። ጊዜው ጦርነት ስለ ነበረ ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ቢታመም ወይም ወደ ሌላ ግዳጅ ቢዛወር፣ ያ ሁሉ ብረትና ሽቦ ግማሽ ዲዳ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሆፐር ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ግሬስ ብሩስተር መሪ ይባላል። የእናታቸው አባት የከተማይቱ መሐንዲስ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብለው አንዱን ፈትተው መልሰው መግጠም ስላቃታቸው፣ በቤት ውስጥ ያሉትን ሰባት ሰዓቶች አንድ በአንድ መፍታታቸው ነው። እናታቸውም ከዚያ በኋላ ለመፍታት አንድ ሰዓት ብቻ እንደ ፈቀዱላቸው ይነገራል። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። ከየል ዩኒቨርሲቲ በ1930 የማስተርነት፣ በ1934 ደግሞ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ከ1931 ጀምሮ በቫሳር ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። በ1930 ያገቡት ቪንሰንት ሆፐርን ሲሆን፣ ጋብቻው በ1945 ቢፈርስም ስሙ እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖሯል።

በ1943 መጨረሻ ወደ ባሕር ኀይሉ ተጠባባቂ ክፍል ለመግባት ሲያመለክቱ፣ ዕድሜያቸው ከተለመደው ያለፈ፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ሆኖ ተገኘ። በልዩ ፈቃድ ገቡና ሥልጠናውን ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ፈጸሙ።

ማርክ አንድን ለአንድ ስሌት ማዘጋጀት ምን ይጠይቅ እንደ ነበር በዝርዝር ሳይታይ የሚቀጥለው ታሪክ ትርጉም አይኖረውም። ለስሌቱ የሚያስፈልጉት ቋሚ ቁጥሮች በእጅ በሚዞሩ ማብሪያዎች ይሞሉ ነበር። ስድሳ ረድፎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ለ23 አኃዞችና ለምልክቱ 24 ማብሪያዎች ተደርድረዋል፤ ባጠቃላይ 1,440 ማለት ነው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በወረቀት ጥቅል ላይ በሚበሱ ቀዳዳዎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ መስመር ሦስት ነገር ይናገራል፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚደረግበት። አንድ ሥራ ደጋግሞ እንዲፈጸም ሲፈለግ የጥቅሉ ሁለት ጫፎች ተጣብቀው እንደ ቀለበት ይዞራሉ። የነጥብ ቦታና ውጤቱ በጽሕፈት መኪናው ላይ የሚታተምበት አኳኋን ደግሞ በልዩ ሰሌዳ ላይ ሽቦ በመሰካት ይወሰናል። ከ1,440ዎቹ አንዱ ማብሪያ ከሰባት ይልቅ ስምንት ላይ ቢቆም መኪናው ቅር ሳይለው ይሠራል፤ ምላሹ ግን የተሳሳተ ይሆናል።

መኪናው ሌሊትና ቀን ይሠራ ስለ ነበረ፣ ስሌቱን ያቀደው ሰው ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ ለተረኛው ኦፕሬተር የማዘጋጃ መመሪያ ጽፎ መተው ግዴታ ሆነ። የትኛው ጥቅል በየትኛው ማንበቢያ ላይ እንደሚገጠም፣ የትኞቹ ማብሪያዎች ስንት ላይ እንደሚቆሙ፣ ስሌቱ ራሱን በሚፈትሽበት ቦታ መኪናው ቢቆም ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ይጻፋል። አንባቢው የባሕር ኀይል ወታደር ነው፤ የሒሳቡን ምክንያት አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። መመሪያው አንድ እርምጃ ከዘለለ ስሕተቱ የጸሐፊው እንጂ የወታደሩ አይደለም። ሆፐር ከቫሳር ይዘውት የመጡት የመምህርነት ልማድ የጠቀማቸው እዚህ ላይ ነው። በቫሳር በነበሩ ጊዜ፣ ሐሳቡን ለሌላ ሰው በጽሑፍ ማስረዳት ለማይችል ተማሪ የሒሳብ ዕውቀቱ እንደማይፈይድለት እያሳሰቡ ድርሰት ያጽፉ ነበር።

በዚያው ዓመት ኤይክን ስለ መኪናው መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ሆፐር መጽሐፍ ጽፈው እንደማያውቁ ቢያስረዱም፣ ያሉት በባሕር ኀይል ውስጥ መሆኑ ተነግሯቸው ነገሩ በዚያው አለቀ። በየቀኑ አምስት ገጽ ያህል እየጻፉ ምሽት ላይ ለኤይክን ያነብቡ ነበር፤ ያልተወደደው ይጣላል፤ በማግሥቱ እንደገና ይጻፋል። መጽሐፉ በ1946 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ከአምስት መቶ የሚበልጡ ገጾች አሉት። ከፓስካልና ከላይብኒትስ አንሥቶ እስከ ባቤጅ ያለውን ታሪክ ከተረከ በኋላ ክፍሎቹን፣ የኤሌክትሪክ መሥመሮቹን፣ የትእዛዝ አጻጻፉን፣ የሽቦ አሰካኩን ያስረዳል፤ በመጨረሻም የተሠሩ ምሳሌዎችን ያቀርባል። እንደ ጸሐፊ የተጠቀሱት የላቦራቶሪው ሠራተኞች በጅምላ ናቸው። ይሁን እንጂ የሥራው ትልቁ ሸክም ያረፈው በሆፐር ላይ ነበር።

ስለዚህ መጽሐፍ ሊነገር የሚገባው አንድ ነገር አለ። መመሪያ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው መሣሪያውን በሠራው ሰው ነው፤ የሠራው ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ቀን ረስቶታል። ሆፐር ግን የጻፉት እርሳቸው ራሳቸው ግራ ተጋብተው ከቆሙበት ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። የትኛው ነጥብ ሰውን እንደሚያቆም ያውቁ ነበር። የተሠሩት ምሳሌዎች መኖርም ከዚህ የመጣ ይመስላል። አንባቢው መጀመሪያ ምሳሌውን እንዳለ ገልብጦ መኪናውን ያስነሣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የራሱን ቁጥር ይተካበታል።

ስለ ሆፐር ከሚነገረው ሁሉ ገናናው የእሳት እራቷ ታሪክ ነው። በተደጋጋሚ ተዛብቶ ስለሚተረክ እውነቱን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በሃርቫርድ የሚገኘው ተከታዩ መኪና፣ ማርክ ሁለት፣ በፍተሻ ላይ ነበር። ይህ መኪና ቁጥራቸው 13,000 ያህል የሆኑ ሪሌዮች ነበሩት። ከቀትር በኋላ ኦፕሬተሮቹ አንድ ብልሽት ሲከታተሉ በኤፍ ሰሌዳ፣ በ70ኛው ሪሌይ ውስጥ የተቀረቀረች የእሳት እራት አገኙ። አውጥተው በመዝገቡ ላይ በተለጣፊ ወረቀት ለጠፏትና ከጎኗ ማስታወሻ ጻፉ። ያገኟት ሆፐር አይደሉም፤ እርሳቸው ታሪኩን ለብዙ ዓመታት በመተረክ ያስፋፉት ናቸው። አንዳንድ ጽሑፎች እንደሚሉት ዘመኑ 1945ም አይደለም። ጉድለትን በነፍሳት ስም መጥራቱም በዚያ ቀን አልተጀመረም፤ ቶማስ ኤዲሰን ከዚያ ሰባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1878፣ በዚሁ ስም ይጠቀም ነበር። የኦፕሬተሮቹ ቀልድ የሚገባንም ቃሉ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ነበረ ነው።

ከቀልዱ ይልቅ ለመሐንዲስ የሚጠቅመው የመዝገቡ ገጽ አያያዝ ነው። ቀኑ በገጹ ራስ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች በየመስመሩ የሚጻፈው ሰዓቱ ነው። የመኪናው ስም በየመስመሩ አይደገምም፤ መዝገቡ የዚያ መኪና መዝገብ ነውና። በ15፡25 የመደመሪያው ፍተሻ መጀመሩ ተመዝግቧል፤ በ15፡45 የብልሽቱ ቦታ እስከ ሪሌዩ ቁጥር ድረስ፣ ምክንያቱ፣ ማስረጃውም ጭምር ሰፍሯል። ከዚያም ሥራው ቀጥሏል። ኦፕሬተሩ ይህን ለመመዝገብ የጠየቀው እርሳስ ማንሣትን ብቻ ነው። ዛሬ የሶፍትዌር ጉድለቶች በትእዛዝ መስመር በሚታዘዙ ፕሮግራሞች ይመዘገባሉ። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ገና የመጀመሪያው ጉድለት ሳይመዘገብ ስለ ፋይል ቦታ፣ ስለ ተጠቃሚ ስም፣ ስለ ምድብና ስለ ቅድሚያ ደረጃ አሥር ጥያቄ ይደረድራሉ። የማርክ ሁለት መዝገብ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ አስቀድሞ መልስ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ተጠቃሚው ዝም ሲል መሣሪያው በራሱ የሚይዘው፣ መሐንዲሶች መነሻ ቅንብር የሚሉት፣ ይኸው ነው። በዚያ ገጽ ላይ መነሻ ቅንብሩ በገጹ ራስ የተጻፈው ቀንና በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው መዝገብ ነበር። ኦፕሬተሩ አሥር ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ የእሳት እራቷ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ትገባ ነበር።

በ1949 ሆፐር ሃርቫርድን ለቅቀው ወደ ፊላደልፊያ፣ ወደ ኤከርትና ሞክሊ የኮምፒዩተር ኩባንያ ተዛወሩ። ኩባንያው በዩኒቫክ መኪና ሥራ ላይ ነበር። በ1950 በሬሚንግተን ራንድ ተገዛ፤ በ1951 የመጀመሪያውን ዩኒቫክ ለአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ አስረከበ። እዚያ ሆፐር የሥራ ባልደረባ ሆነው ካገኟቸው ሰዎች መካከል ቤቲ ሆልበርተን ይገኙበታል። ሆልበርተን የዩኒቫክን ትእዛዞች በቁጥር ፈንታ ለማስታወስ በሚቀልሉ ፊደላት እንዲጠሩ አድርገዋል፤ የመደመር ትእዛዝ በእንግሊዝኛው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ይጠራ ነበር። ሆፐር ለዚህ ሥራ ታላቅ አክብሮት ነበራቸው።

በሃርቫርድ ሳሉ ብሎክና ካምቤል፣ እርሳቸውም፣ በትክክል መሥራታቸው የተረጋገጠ አጫጭር የትእዛዝ ክፍሎችን በደብተር ይይዙ ነበር። ሳይን የሚያስፈልገው ከባልደረባው ደብተር ይገለብጣል። ሆፐር በዚህ መገልበጥ ላይ ሁለት ነገር አስተዋሉ። አንደኛው፣ በአዲሱ ፕሮግራም ውስጥ የእያንዳንዱ ትእዛዝ አድራሻ ስለሚለወጥ በየቦታው መደመር ያስፈልጋል፤ ፕሮግራመሮች ደግሞ በመደመር ይሳሳታሉ። ሁለተኛው፣ በመገልበጥም ይሳሳታሉ፤ ዴልታ የተባለው ፊደል አራት ቁጥር፣ ቢ የተባለው ፊደል አሥራ ሦስት ይሆናል። መደመርና መገልበጥ ደግሞ መኪናው ከሁሉ አብልጦ የሚችላቸው ሥራዎች ናቸው። እንግዲህ ለሰው የሚሰጠው የአዘገጃጀት መመሪያ ረዥም የሆነው፣ የመኪናው ሥራ በሰው ትከሻ ላይ ስለ ተጫነ ነበር።

በዚህ መነሻ ኤ-ዜሮ የተባለውን ኮምፓይለር ሠሩ፤ በሜይ 1952ም በፒትስበርግ በተደረገ የባለ ሙያዎች ጉባኤ ላይ ስለ ሐሳቡ ጥናት አቀረቡ። የተረጋገጡት የትእዛዝ ክፍሎች በማግኔት ጥቅል ላይ ተከማችተው ለእያንዳንዳቸው መጥሪያ ቁጥር ተሰጣቸው። ፕሮግራመሩ መጥሪያ ቁጥሩንና የሚሰላባቸውን መጠኖች ብቻ ይጽፋል፤ መኪናው ክፍሎቹን ፈልጎ፣ አድራሻዎቹን አስተካክሎ፣ አንድ ፕሮግራም አድርጎ ይገጥማቸዋል። ዛሬ ኮምፓይለር ሲባል ከሚታሰበው ይልቅ ገጣጣሚ ቢባል ይቀርባል። ሆፐር በኋላ ሲያስታውሱ፣ ለረዥም ጊዜ የሚያምናቸው እንዳጡ፣ ኮምፒዩተር ሒሳብ ከመሥራት በቀር ፕሮግራም መጻፍ እንደማይችል ይነገራቸው እንደ ነበር ተናግረዋል። ከተቃዋሚዎቹ የሚበዙት መኪናውን በደንብ የሚያውቁት ናቸው። አስቸጋሪውን መንገድ ተምረው ያለፉ ሰዎች መንገዱ እንዲቀና ሁልጊዜ አይወዱም።

የኤ-ዜሮ ተከታይ የሆነው ኤ-ሁለት በ1953 ለደንበኞች ሲሰጥ፣ ውስጣዊ ጽሑፉ ጭምር ተሰጥቶ ተጠቃሚዎች ያሻሻሉትን መልሰው እንዲልኩ ተጋብዘዋል። ይህ በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። ጉድለቱን ያየው ሰው ጉድለቱን ለሠሪው የሚያደርስበት መንገድ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ተሰጠው ማለት ነው።

ሆፐር ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከሒሳብ ሊቃውንት ወደ ሒሳብ ሹሞችና ወደ ንብረት ክፍል ሠራተኞች አዞሩ። እነዚህ ሰዎች በምልክት መጻፍን አይወዱም፤ የሥራቸው ቋንቋ ዕለታዊው ቋንቋ ነው። በ1955 መጀመሪያ ለኩባንያው አስተዳደር ያቀረቡት ሐሳብ ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ቃላት እንዲጻፍ ነበር። ለማሳየት ያህልም ያንኑ አጭር ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላት ጭምር አቀረቡ። ለኮምፓይለሩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ቃሉን ከትእዛዙ ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ መለወጥ ብቻ ይበቃል። አስተዳዳሪዎቹ ግን ደነገጡ። ሆፐር እንደሚተርኩት፣ በፊላደልፊያ የተሠራ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊያውቅ መቻሉ ከቶ አልተዋጠላቸውም፤ ከዚያ በኋላም ነገሩ በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሆን ቃል እየገቡ ለማሳመን ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። የሥራቸው ቋንቋ እንግሊዝኛ ላልሆነ አንባቢዎች ይህች ትንሽ ታሪክ ከእሳት እራቷ ይልቅ ልትታወቅ ይገባት ነበር። እንግሊዝኛ በትእዛዝ መስመር ላይ የነገሠው መኪናው ሌላ ቋንቋ ስለማይችል አልነበረም፤ መነሻ ቅንብሩ እንዲያ ተወስኖ ስለ ቀረ ነው።

ቋንቋው ፍሎው-ማቲክ ተባለና በዩኒቫክ ላይ ዋለ። በሜይ 1959 በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ሕንፃ በተደረገው ስብሰባ የልዩ ልዩ ኩባንያዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ለሁሉም መኪናዎች የሚሆን የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተስማሙ። ከዚህ የተወለደው ኮቦል ነው። ሆፐርን የኮቦል ፈጣሪ ማለት የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ቋንቋውን ያረቀቀው ዣን ሳሜትን የመሰሉ ባለ ሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ ነው፤ ሆፐር አማካሪ ነበሩ። ይሁንና ኮሚቴው በሥራ ላይ ውሎ የታየ መነሻ ያገኘው በአብዛኛው ከፍሎው-ማቲክ ስለ ሆነ፣ አያቱ ቢባሉ ማጋነን አይሆንም። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በአር.ሲ.ኤ. 501ና በዩኒቫክ ሁለት፣ በሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ፣ ሠርቶ ታየ።

ኮቦል አንድ ፕሮግራም በአራት ክፍሎች እንዲከፈል ያዛል፤ ከአራቱ አንዱ የአካባቢ ክፍል ይባላል። ፕሮግራሙ በየትኛው መኪና እንደሚተረጐም፣ በየትኛው እንደሚሠራ፣ የትኛው ፋይል በየትኛው መሣሪያ ላይ እንዳለ የሚገለጸው እዚያ ነው። ቀድሞ በልዩ ወረቀት ለተረኛው ወታደር ይጻፍ የነበረው የማዘጋጃ መመሪያ የፕሮግራሙ አካል ሆነ ማለት ነው። ወረቀቱ አይጠፋም፤ ከፕሮግራሙም አይለይም።

በመነሻ ቅንብር በኩል ግን ኮቦል ሁልጊዜ ለጀማሪ የሚያዝን ቋንቋ አይደለም። ፕሮግራመሩ ስለ ቁጥሩ አያያዝ ዝም ካለ፣ ቁጥሩ ሰው በሚያነበው መልክ ይያዛል፤ ይህ መልካም ነው። ስለ ማጠጋጋት ዝም ካለ ግን ትርፉ አኃዝ ይቆረጣል፤ 12.678 ብር በሁለት የሳንቲም አኃዝ ሲያዝ 12.68 ሳይሆን 12.67 ይሆናል። ውጤቱ ከተሰጠው ቦታ ቢበልጥ ምን እንደሚደረግ ሳይናገር ከቀረ ደግሞ ከፊት ያለው ትልቁ አኃዝ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጠፋ ይችላል። ሁለቱንም መከላከያ ቋንቋው ያውቃቸዋል፤ ነገር ግን ስማቸውን የሚጠራቸው ሰው ይፈልጋሉ። ስማቸውን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ጊዜ የተጎዳው ነው። በ1974 በወጣው ደንብ ፕሮግራም የዕለቱን ቀን ሲጠይቅ የሚሰጠው ስድስት አኃዝ ነበር፤ ለዓመቱ የተተወለት ሁለት ብቻ። ይህ የሆፐር ውሳኔ ነበር ሊባል አይችልም፤ የዘመኑ ልማድ ነው። ቢሆንም በ2000 ዋዜማ ዓለምን ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ይኸው የሁለት አኃዝ ዓመት ነበር። (በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2000 ዓ.ም. የባተው ከዚያ ከሰባት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2007 ነው፤ በራሱ የዘመን ቀመር ሁለት አኃዝ የሚይዝ ፕሮግራም ችግሩ የሚጠብቀው በሌላ ቀን ነው።)

ሆፐር በ1966 መጨረሻ ከባሕር ኀይሉ ተጠባባቂ ክፍል በኮማንደርነት ጡረታ ወጡ። ሰባት ወር ሳይሞላ፣ በኦገስት 1967፣ ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩ። ስድስት ወሩ፣ በመካከሉ ካለች አጭር የጡረታ ጊዜ በቀር፣ እስከ 1986 ተራዘመ። የተጠሩበት ምክንያት ባሕር ኀይሉ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች መኪናዎች ላይ የሚጠቀምባቸው ኮቦሎች ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው ግን ልዩ ልዩ ሆኖ መገኘቱ ነው። በአንዱ መርከብ ጣቢያ የሠራው ፕሮግራም በሌላው አይሠራም። ሆፐርና አብረዋቸው የሠሩት ባለ ሙያዎች የመረጡት መንገድ የመፈተሻ ፕሮግራሞችን መጻፍ ነበር። ፕሮግራሞቹ በኮምፓይለሩ ላይ ይሞከራሉ፤ ከደንቡ የወጣው ነጥብ ተለይቶ ይመዘገባል። ሻጩ ኮምፓይለሩ ደንቡን እንደሚያከብር መናገሩ ብቻውን አይበቃውም፤ ፈተናውን ማለፍ አለበት። ይህ ሥራ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ኮምፓይለሮችን ለሚፈትንበት አገልግሎት መሠረት ሆኗል። በንግግር አዳራሽ የማይጨበጨብለት፣ ፎቶግራፍ የማይነሣ ሥራ ነው፤ ምናልባትም ከሥራዎቻቸው ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያዳነው ይኸው ይሆናል።

በእነዚህ ዓመታት በአገሪቱ እየተዘዋወሩ ንግግር ያደርጉ ነበር። በአንድ ቢልዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ብርሃን የሚጓዘውን ርቀት ለማስረዳት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የሽቦ ቁራጭ ለአድማጮቻቸው ያድሉ ነበር። በቢሯቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓት የሚዞረው ወደ ኋላ ነው። ሰዓት ወደ ቀኝ የሚዞረው ስለ ተለመደ ብቻ እንደ ሆነ ለጎብኚዎች ያመለክቱበት ነበር፤ ጎብኚውም ጥቂት ቀን ከለመደው በኋላ ሰዓቱን ያለ ችግር ያነብበዋል።

በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ በ1985 የማዕርጉ ስም ተለውጦ ሪር አድሚራል ተባሉ። ኦገስት 14 ቀን 1986 በቦስተን ወደብ በቆመችው በጥንታዊቷ የጦር መርከብ በኮንስቲትዩሽን ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ተሰናበቱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 79 ሲሆን፣ በሥራ ላይ ካሉት የባሕር ኀይሉ መኮንኖች ሁሉ አንጋፋ ነበሩ። ከዚያ በኋላም በዲጂታል ኩባንያ አማካሪ ሆነው ሠርተዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በቨርጂኒያ፣ በአርሊንግተን አረፉ፤ በዚያው በብሔራዊው መካነ መቃብር በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ። በ1997 አንድ የጦር መርከብ በስማቸው ሥራ ጀመረ።

የእሳት እራቷ የተለጠፈችበት መዝገብ በስሚዝሶኒያን ተቋም በአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ተቀምጧል። ማርክ አንድ በ1959 ከሥራ ወጥቶ ተነቃቀለ፤ ከፊሉ በሃርቫርድ ለዕይታ ቆሟል። የስድሳውን ረድፍ ማብሪያዎች አሞላልና የወረቀቱን ጥቅል አገጣጠም የሚያስረዳው የ1946ቱ መጽሐፍ ግን መኪናው ከቆመ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1985፣ እንደገና ታትሟል።